ከሩቅ ሆኖ ስለሚሠራ ጸሐፊ አቀጣጠርና አስተዳደር



በአሁኑ ጊዜ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ አስተዋውቆ መሸጥ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚደርስበት ችግር የታወቀ ነው፤ ይኸውም ጠያቂው እየበዛ ሲሄድ መላሹ ግን ያው አንድ ሰው ሆኖ መቅረቱ ነው። በሱቅ ውስጥ የቆመ ደንበኛ ተራውን ጠብቆ ይስተናገዳል፤ በስልክ የጻፈ ደንበኛ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ መልስ ካላገኘ ወደ ሌላ ሻጭ ይሻገራል። ስለዚህ ብዙዎች ነጋዴዎች ከእነርሱ ጋራ በአንድ ከተማ የማይኖር፣ አንዳንድ ጊዜም ፊቱን አይተውት የማያውቁት፣ በስልክና በኮምፒዩተር ብቻ የሚያገለግል ረዳት መቅጠር ጀምረዋል። የውጭ አገር ሰዎች ቨርቹዋል አሲስታንት ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ «አድሚን» የሚለው ስም ተለምዷል። እኔ ግን ሥራው የጸሐፊ ሥራ ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ የሩቅ ጸሐፊ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ይህን የምጽፈው በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው በሮብ ገበያ የአንድ እህል ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን ነው። አሠሪዬ ጤፍና ስንዴ ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፤ በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቀምጣ ከገዢዎች ጋራ የምትጻጻፍ አንዲት ወጣት ቀጠሩ። «እንግዲህ አንተስ ምን ልትሠራ ነው?» እያሉ የቀለዱብኝ ወዳጆች አልታጡም። ነገር ግን ሥራዬ አልቀነሰም፤ ስለ መጋዘኑና ስለ ዋጋው በየቀኑ የሚነግራት ሰው ከሌለ ከሩቅ ያለች ጸሐፊ ምን ልትመልስ ትችላለች?

ሥራን ሩቅ ላለ ሰው አደራ መስጠት ራሱ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት በጎጃም በባሶ ገበያ፣ ከእናርያ ወገን የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጋራ ይለዋወጥ በነበረበት ዘመን፣ ነጋዴው በጎንደርም በባሶም በአንድ ቀን ሊገኝ አይችልምና የሚያምነውን ሰው ይወክል ነበር። አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው። የጥንቱ ወኪል ቢሳሳት ስሕተቱ በአህያ ጀርባ እየተጓዘ ይመጣል፤ የዛሬው ወኪል ስሕተት ግን ጌታው ምሳቸውን በልተው ሳይነሡ ቻናሉን ለሚከታተል ሰው ሁሉ ይደርሳል።

ከዚህም የተነሣ የሩቅ ጸሐፊ ሲቀጠር ከሁሉ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ደመወዙ ወይም የሥራ ሰዓቱ ሳይሆን የሥልጣኑ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች ግን ይህን ትተው «አንቺ እንደምታውቂው አድርጊ» ብለው ያልፉታል። ይህች ቃል ጨዋነት ትመስላለች፤ ነገር ግን አደገኛ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚናገርበት ክፍል፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚያጠቃልል ይደነግጋል። አንባቢ «የአስተዳደር ሥራ ብቻ ከሆነማ ምን ያሠጋል?» ይል ይሆናል። ሆኖም ያው ሕግ ዕዳ መሰብሰብንና ለሽያጭ የተዘጋጀ ሸቀጥ መሸጥን ከአስተዳደር ሥራ ይቆጥራቸዋል። ለእህል ነጋዴ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚበልጥ ምን ሥራ አለው? እንግዲህ ወሰኑን ሳይለይ «ወኪሌ ነሽ» ብሎ የፈረመ ሰው የመጋዘኑንም የካዝናውንም ቁልፍ ሳያስበው ሰጥቶ ሊገኝ ይችላል።

በእኛ ቤት ይህ ጉዳይ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ በሁለቱም ወገን ተፈርሟል። ዋጋ ማስታወቅ፣ ዕቃው መኖሩንና የሚደርስበትን ቀን መናገር የእርስዋ ነው። ዋጋውን በየጧቱ እኔ እልክላታለሁ፤ የቀኑ ዋጋ ካልደረሳት የትናንቱን አትጽፍም። ከተነገራት ዋጋ አንድ ብር እንኳ መቀነስ፣ በዱቤ መስጠት፣ ከአሥር ኩንታል በላይ ለሚያዝ ሰው ቃል መግባት ጠይቃ የምታደርገው ነው። ገንዘብ ከቶ በእጅዋ አያልፍም፤ ደንበኛው በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ በአሠሪዬ ስም ያስገባል። ደንበኞች መክፈላቸውን ለማሳየት ፎቶግራፍ ይልካሉ፤ ነገር ግን ተቀነባብሮ የተሠራ ሐሰተኛ ደረሰኝ በየገበያው መታየት ከጀመረ ቆይቷልና ፎቶግራፍ ማስረጃ አይሆንም። ገንዘቡ ከሂሳቡ ላይ መድረሱን አይቼ «ገብቷል» ካላልሁ አንድ ኩንታል ከመጋዘን አይወጣም። ይህ ለእርስዋም ጥበቃ ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል የሚጠረጥራት ሰው አይኖርም።

የዋጋው ነገር በተለይ ለአስመጪዎችና የውጭ ሸቀጥ ለሚሸጡ ባለ ሱቆች ይበልጥ የሚያሠጋ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ባለፈው ሳምንት ዋጋ ቃል የገባ ረዳት የሳምንቱን ትርፍ በአንድ መልእክት ሊጨርሰው ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። የሩቅ ጸሐፊ እጅዋን ከጆንያ ውስጥ አስገብታ አታውቅም። የእኛይቱ ወጣት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በትምህርትዋም በጨዋነትዋም እንከን የማይወጣላት ልጅ ናት፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ወር አንድ ገዢ «ነጭ ነው ወይስ ሠርገኛ? ገለባና አፈር አለበት ወይ?» ብሎ ቢጠይቃት ከፎቶግራፉ ላይ አይታ «ነጭ ነው» አለችው። በስልክ ፎቶግራፍ ላይ ፀሐይ የመታው ጤፍ ሁሉ ነጭ ነው። አሠሪዬም በዚያ ጊዜ ያደረጉት ነገር ያስመሰግናቸዋል፤ ሳይቈጡ የአውቶቡስ ዋጋዋን ከፍለው እሮብ ዕለት ለገበያ ቀን አስመጧት። ገበሬው ጆንያውን ሲፈታ፣ ገዢው እፍኝ ዘግኖ ሲያበጥርና በጥርሱ ሲነክስ፣ ከዚያም ሲመዘን ቀኑን ሙሉ ዞራ አየች። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በትንንሽ ከረጢት ናሙና እንልክላታለን፤ እርስዋም ለገዢ የምትጽፈው ናሙናውን በእጅዋ ይዛ ነው። የአውቶቡሱ ዋጋ በዚያው ወር እንደ ተመለሰ እኔ ከመዝገቡ አይቻለሁ። ቡናም፣ ማርም፣ ቆዳም የሚሸጥ ሰው ይህን ቢያደርግ አይጎዳም።

ስለ ቻናሉ ባለቤትነት ደግሞ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በቴሌግራም ላይ ቻናል ሲከፈት ባለቤት ሆኖ የሚቆጠረው በስልክ ቁጥሩ የከፈተው ሰው ነው። በአካባቢያችን አንድ ባለ ሱቅ ቻናሉን ረዳቱ በራሱ ስልክ እንዲከፍትለት ፈቀደ፤ ኋላም በደመወዝ ተጣልተው ሲለያዩ ረዳቱ በአንድ ዓመት የተሰበሰቡትን ደንበኞች ይዞ ሄደ፤ ሱቁም በራሱ ስም ለሌላ ሰው ሲሸጥበት ቆሞ ተመለከተ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቻናሉን ነጋዴው በራሱ ቁጥር ከፍቶ ረዳቱን አድሚን ያደርጋል፤ የአድሚን ሥልጣን ደግሞ እየተከፋፈለ ሊሰጥ ይችላል፤ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ፈቅዶ ሌላ አድሚን እንዳይሾም መከልከል ይቻላል። የቴሌብር የምስጢር ቁጥርና በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ግን ለሩቅ ጸሐፊ ቀርቶ ለቅርቡም አይሰጥም። እኔ የአሠሪዬን አላውቀውም፤ ማወቅም አልሻም።

የመስመር መቋረጥም በውሉ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። አዲስ አበባ ያለችው ጸሐፊ ከደንበኞች ጋራ ስትጻጻፍ እኛ የምትጽፈውን ለማየት አልቻልንም። ደግነቱ፣ የተፈረመው ወረቀት «ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ ዋጋ ካልደረሰሽ ዋጋውን ሁሉ አንሥተሽ ትእዛዝ መቀበል አቁሚ» የሚል ቃል ነበረው። ስለዚህ ልንፈጽመው የማንችለውን ቃል ለማንም አልሰጠችም። ስልክ በተገኘ ቀን ደውላ የጠያቂዎችን ስም በቃልዋ ታስጽፈኝ ነበር። ያለዚያ ቃል ቢሆን ኖሮ የስንቱን ሰው ቀብድ መመለስ ባስፈለገን!

ከውጭ አቅራቢዎች ጋራ የሚጻጻፍ ረዳት ላለው ደግሞ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አንድ ቃል ልጨምር። የዱባይ ሰው ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ሲል በእኛ 8 ሰዓት ነው። ሴፕቴምበር 1 የተባለውን መስከረም 1 ብሎ የመዘገበ ረዳት አሥር ቀን ያሳልፋል፤ የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ደግሞ አሥር ቀን አይጠብቅም። በደብዳቤው ሁሉ ሁለቱም አቈጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

ብዙ ነጋዴዎች ለባዕድ ከመክፈል በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ያለ የወንድም ልጅ ወይም የእኅት ልጅ በነጻ ቢያግዛቸው ይመርጣሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ዘመድ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በነጻ የሚሠራን ሰው «ትናንት ለምን አልመለስህም?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ቢጠየቅም ነገሩ የቤተ ሰብ ቅያሜ ይሆናል። ዘመድም ከሆነ ደመወዝ ይቈረጥለትና እንደ ሠራተኛ ይያዝ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ስለሚሠራ ሠራተኛም ይናገራል፤ የሙከራ ጊዜንም እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በእነዚህ ቀናት ሠራተኛው የሚመዘነው በስልኩ ላይ ምን ያህል ሰዓት እንደ ታየ ተቈጥሮ አይሁን። አንዳንድ አሠሪዎች ሌሊት እየተነሡ ረዳታቸው መስመር ላይ መኖር አለመኖሩን ያያሉ፤ ይህ ሁለቱንም እንቅልፍ ከማሳጣት በቀር ጥቅም የለውም። የተጠየቀው ስንት፣ የተመለሰው ስንት፣ የተሸጠው ስንት፣ ያኰረፈ ደንበኛ ማን እንደ ሆነ በየማታው በአጭሩ ጽፎ ይላክ፤ ለአሠሪው ይህ ይበቃዋል። ደመወዙም በቀኑ ይከፈል። ሩቅ ያለ ሠራተኛ ደጅ ሊጠና አይችልም፤ የዘገየበት ደመወዝም ሌላ ጌታ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ያ ሌላ ጌታ ደግሞ ምናልባት ጎረቤታችን ያለው ተወዳዳሪ ነው።

በመጨረሻ ለምክር ቤቱ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። አባላቱ ሁሉ የሚገለገሉበት አንድ የውል ናሙና በአማርኛ ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ በውስጡም የሥልጣኑ ልክ፣ የቻናሉ ባለቤት ማንነት፣ መስመር ሲቋረጥ የሚደረገው፣ የደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት፣ ሠራተኛው ሲሰናበትም በስንት ቀን ውስጥ መዝገቡን እንደሚያስረክብ ይግለጽ። ትልልቆቹ ላኪዎች ጠበቃ አላቸው፤ የሮብ ገበያ፣ የደብረ ወርቅና የሞጣ ባለ ሱቅ ግን የለውም። ለመነሻ የሚሆን እንደ ሆነ፣ በእኛ ቤት የተፈረመውን አንድ ገጽ ስሞቹን አንሥቼ ለመላክ አሠሪዬ ፈቅደውልኛል።