ግጥሙን ተነጥቆ፣ ዜማውን ይዞ

ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ የዘፈን ሰው ሲሰደድ የሚያጣው ነገር፣ ዜማ ብቻ የሚደርስ ሰው ከሚያጣው ይበልጣል፤ የፒያኖ ቁልፍ በርሊንም ሎስ አንጀለስም ያው ሲሆን፣ ግጥም ግን የአድማጩን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሽሙጥና የሰሞኑን ወሬ ጭምር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1896 ለንደን ተወልዶ በርሊን ያደገው አይሁዳዊው ፍሪድሪክ ሆለንደር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፊልም ታሪክ መጻሕፍት የሚነሳው አንድም ተዋናይቷን ማርሌነ ዲትሪሽን ዝነኛ ባደረጋት ዘፈን፣ አንድም በሆሊውድ በሠራቸው በርካታ የፊልም ሙዚቃዎች ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የተወሰደበት ትልቁ ነገር፣ ማለትም በገዛ ቋንቋው የመሳለቅ ችሎታው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል፤ የሥራ ዘመኑ በትክክል የሚመዘነው ግን በዚህ ጉዳት ነው።

ሆለንደር ከሙዚቃ ቤት የወጣ ነው። አባቱ ቪክቶር ሆለንደር ንግግርና ዘፈን እየተፈራረቁ የሚቀርቡበት ኦፔሬታ የተባለው ቀለል ያለ የሙዚቃ ቴአትር ደራሲ ሲሆን፣ ልጁም «ሃንዘልና ግሬተል» በተሰኘው ኦፔራ ከሚታወቀው ከኤንግልበርት ሁምፐርዲንክ ዘንድ የሙዚቃ ድርሰት ተምሯል። በወጣትነቱ ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚታዩበት አዳራሽ ፒያኖ ይጫወት ስለነበር፣ ሙዚቃን ከሚንቀሳቀስ ምስል ጋር ማስኬድን የለመደው ድምፅ ያለው ፊልም ከመምጣቱ ብዙ አስቀድሞ ነው። ዋናው ትምህርት ቤቱ ግን ካባሬ ነበር፤ ካባሬ ታዳሚው ጠረጴዛ ከቦ እየጠጣ ዘፈን፣ ቀልድና የፖለቲካ ሽሙጥ የሚሰማበት ትንሽ መድረክ ነው። ታዋቂው የቴአትር አዘጋጅ ማክስ ራይንሃርት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1919፣ «ድምፅና ጢስ» የተባለውን ካባሬ በርሊን ውስጥ እንደገና ሲከፍት ሆለንደር የዘፈን ደራሲው ሆኖ ገባ። ለመጀመሪያ ሚስቱ ለተዋናይቷ ብላንዲነ ኤቢንገር የደረሳቸው የድሃ ልጃገረድ ዘፈኖች የበርሊንን ድሃ ሰፈር አነጋገር እንዳለ የያዙ፣ ረኃብንና ሞትን በልጅ አፍ እያጫወቱ የሚናገሩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ከዚያ ከተማ ሰው በቀር ማንም ሊደርሳቸው አይችልም ነበር።

የፊልም ታሪክ የሚያውቀው ሆለንደር የተወለደው በ1930 «ሰማያዊው መልአክ» በተባለው ፊልም ነው። ኡፋ የተባለው የጀርመን ትልቁ የፊልም ኩባንያ ያሠራው፣ ጆሴፍ ፎን ሽተርንበርግ ያዘጋጀውና በሃይንሪሽ ማን ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም፣ አንድ የተከበረ መምህር በመሸታ ቤት ዘፋኝ ፍቅር ወድቆ የሚዋረድበትን ታሪክ ይተርካል። ዘፋኟን ሆና የተወነችው ዲትሪሽ ሰፊ ድምፅ አልነበራትም፤ ሆለንደርም ይህን እንደ ጉድለት ከመሸፈን ይልቅ በጠባብና በዝቅተኛ የድምፅ ክልል ውስጥ የሚመላለስ፣ ግማሹ ዜማ ግማሹ ንግግር የሚመስል ቫልስ፣ ማለትም በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ዜማ፣ ሠራላት። ይኸው ዘፈን በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰማል። በመጀመሪያ መምህሩ በክብር ወንበር ተቀምጦ በደስታ ሲያዳምጥ በማባበል ትዘፍነዋለች፤ በመጨረሻ ግን ሰውየው ተዋርዶ ሁሉን ካጣ በኋላ ወንበር ገልብጣ ተፈናጣ በደረቅ ድምፅ ትደግመዋለች። ዜማው ሳይለወጥ ማባበሉ ወደ ጭካኔ ይለወጣል፤ አንድን ዘፈን የታሪኩ አንቀሳቃሽ አድርጎ የማስገባት ይህ ጥበብ ከካባሬ የመጣ ነው። የፊልሙ ሠሪዎች ዕጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተለያየ፤ መምህሩን ሆኖ የተወነው ኤሚል ያኒንግስ በናዚዎች ዘመን ፊልም መሥራቱን ሲቀጥል፣ አስማተኛ ሆኖ የተወነው አይሁዳዊው ኩርት ጌሮን በ1944 አውሽቪትስ ውስጥ ተገደለ።

ሆለንደር በፊልሙ ዝና ሳይዘናጋ በ1931 መጀመሪያ በርሊን ውስጥ «ቲንገል ታንግል» የተባለ የራሱን ካባሬ ከፈተ። ያን ጊዜ ናዚዎች በመስከረም 1930 ምርጫ 107 የምክር ቤት መቀመጫ አግኝተው የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ፓርቲ ሆነው ነበር። ሆለንደር በዚያው በ1931 ባቀረበው ትርኢት ውስጥ የነበረው አንድ ዘፈን፣ ታዳሚው ሁሉ የሚያውቀውን የቢዜን «ካርመን» ኦፔራ የሃባኔራ ዜማ ወስዶ፣ ከዝናቡና ከበረዶው አንሥቶ እስከ ተያዘው የስልክ መስመር ድረስ የዓለምን ችግር ሁሉ በአይሁዶች ላይ ያላክካል፤ ውንጀላውን ሳያስተባብል እስከ መጨረሻው እያጋነነ ከንቱነቱን ያጋልጣል። አይሁዳዊ ደራሲ በዚያ ሰዓትና በዚያ ከተማ ይህን በአደባባይ ማዘፈኑ ታላቅ ድፍረት ነበር፤ የጥበቡ ጫፍም ከየትኛውም የፊልም ሥራው ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል።

በ1933 የራይሽስታግ ምክር ቤት ሕንጻ ከተቃጠለ በኋላ ሆለንደር ወደ ፓሪስ ሸሸ። በዚያ ያረፈበት አንሶንያ ሆቴል እንደ እሱ ከበርሊን የሸሹ የፊልም ሰዎች የታጨቁበት ሲሆን፣ ኋላ ታላቅ ዳይሬክተር የሆነው ቢሊ ዋይልደርም ከእነሱ አንዱ ነበር። ወደ ሆሊውድ ሲሻገር መጀመሪያ የሞከረው «ቲንገል ታንግል»ን በሎስ አንጀለስ ማቆም ነበር፤ አልሆነለትም። ሽሙጥ የሚያስቀው የሚሾፍበትን ሰው የሚያውቅ ታዳሚ ሲኖር ነው፤ የካሊፎርኒያ ታዳሚ ደግሞ የበርሊንን ሹማምንትም ሆነ የበርሊንን ሰቀቀን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሆሊውድ ሕይወቱ ከውጭ ሲታይ ስኬት ነው። ስሙ ፍሬድሪክ ሆላንደር ተብሎ፣ በተለይ ለፓራማውንት ስቱዲዮ ብዙ ፊልሞችን በሙዚቃ አጅቧል፤ አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ነገር ግን በስቱዲዮዎቹ አሠራር ዜማና ግጥም የተለያዩ ሰዎች ሥራ ስለነበር፣ ቃላቱን እንደ ሊዮ ሮቢንና ፍራንክ ሌሰር ያሉ አሜሪካውያን ይጽፉለት ነበር። ዲትሪሽ በ1939 «ዴስትሪ ራይድስ አጌን» በተባለው የካውቦይ ፊልም የዘፈነችው የመሸታ ቤት ዘፈን ሳይቀር ዜማው የሆለንደር፣ ግጥሙ የሌሰር ነው። የ«ሰማያዊው መልአክ»ን ሙዚቃ ያቀናበረለት ስደተኛው ፍራንዝ ዋክስማን በበኩሉ በ1950 እና በ1951 ፊልሞች በተከታታይ ሁለት ኦስካር አሸንፏል፤ የሙያው መሣሪያ ኦርኬስትራ ስለነበረ ስደት ቃሉን ሊወስድበት አልቻለም። የሁለቱን ሰዎች የሆሊውድ ዕድል በዝና መጠን ብቻ ማወዳደር በዚህ ምክንያት ፍትሐዊ አይደለም።

ሆለንደር የተነጠቀውን ግማሽ በከፊል ያስመለሰው በ1948 ዋይልደር ባዘጋጀው «ኤ ፎሪን አፌር» ፊልም ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በጦርነት በፈራረሰችው በርሊን ሲሆን፣ ዲትሪሽ ከናዚ ባለሥልጣናት ጋር የተወዳጀች የካባሬ ዘፋኝ ሆና ትተውናለች። የሦስቱ ዘፈኖች ዜማም የእንግሊዝኛ ግጥምም የሆለንደር ነው፤ አንዱ ስለ ጥቁር ገበያ፣ አንዱ ስለ ቅዠት፣ አንዱ ስለ በርሊን ፍርስራሽ የሚናገሩ ሲሆን፣ በተለይ የመጀመሪያው ዕቃም ሰውም የሚሸጥበትን የድል ማግስት ገበያ እየዘረዘረ ተሸናፊውንም አሸናፊውንም ይወጋል። ፍርስራሹን ዋይልደር በርሊን ድረስ ሄዶ ቀርጾት ነበር፤ መሸታ ቤቱ ግን ሆሊውድ ውስጥ የተሠራ ነው። በዚያ መሸታ ቤት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ዲትሪሽን የሚያጅበው ራሱ ሆለንደር ነው። ከናዚዎች ጋር ለመኖር ያልፈቀደች ጀርመናዊት የናዚ ወዳጅ ሆና ስትዘፍን፣ ከናዚዎች የሸሸው አይሁዳዊ ያጅባታል፤ ቤተሰቡን በጅምላ ጭፍጨፋው ያጣው ሌላው አይሁዳዊ ደግሞ ያዘጋጃቸዋል። በስደተኞች የተሠራ ከዚህ የበለጠ መራራ የፊልም ትዕይንት ማግኘት ያስቸግራል።

ሆለንደር በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ጀርመን ተመልሶ ሙኒክ ተቀመጠ፤ በዚያም «ትንሿ ነፃነት» ለተባለችው የካባሬ ቴአትር በጀርመንኛ አዳዲስ ትርኢቶችን ደረሰ። ትርኢቶቹ የበርሊኑን ያህል ክብደት አላገኙም፤ ምክንያቱን በዕድሜው ማሳበብ ግን ስህተት ነው፤ እነዚያን ዘፈኖች ከመድረክ የሚያቀርቡና ከጠረጴዛ የሚሰሙ የበርሊን ሰዎች ብዙዎቹ ተገድለው ነበር፤ የተረፉትም ተበትነዋል። በ1965፣ ከመሞቱ አሥራ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ርዕሱን የወሰደው ዲትሪሽ በ«ሰማያዊው መልአክ» ከዘፈነችው ቫልስ የጀርመንኛ ግጥም፣ ራሱ ከጻፈው ስንኝ ነው።