ማዳበሪያን በሜትር ኪዩብ ለምትቆጥሩ

ይድረስ በአማራ ክልል የከተማ ጽዳትንና የግብርናን ዕቅድ ለምታወጡ ኃላፊዎች፤

የምጽፍላችሁ ከአርብ ገበያ፣ ከታች ጋይንት ነው። ቅሬታዬ በአንድ አሠራር ላይ ነው፤ ቆሻሻን ለማዘጋጃ ቤት፣ ማዳበሪያን ለግብርና ጽሕፈት ቤት አካፍላችሁ፣ ሁለቱን ሳታገናኙ ቀራችሁ።

ገበያ ሲበተን የጎመን ቅጠሉ፣ የሽንኩርት ልጣጩ፣ ገለባውና ፋንድያው ከፌስታልና ከጠርሙስ ስባሪ ጋር አብሮ ይጠረጋል። አንዴ ከተደባለቀ የሚለየው የለም። ጠርሙስ ያለበትን ብስባሽ ማሳው ላይ የሚበትን ገበሬም አይገኝም። የክልላችን ገበሬ ግን በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አጥቶ እስከ ባሕር ዳር ሄዶ አቤት ብሏል።

በግብርናው በኩል ኮምፖስት በየዓመቱ በሜትር ኪዩብ ይታቀዳል፣ በሜትር ኪዩብም ሪፖርት ይደረጋል። ይህ ልኬት የጉድጓዱን መጠን እንጂ የብስባሹን ጥራት አይናገርም። ክምሩ በደንብ ካልሞቀና ካልተገላበጠ የአረም ዘር አይሞትም፤ ገበሬው በገዛ እጁ አረም ዘርቶ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፖስት ቢነግሩት አይሰማም።

በጥንቃቄ ሲሠራማ ውጤቱ ታይቷል። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር በሠሩት ሥራ፣ በኮምፖስት የለማው ማሳ ምርት በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው አላነሰም፤ ብዙ ጊዜም በልጧል።

ሕግም አልጎደለንም። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ቆሻሻን ከቤት ጀምሮ መለየትን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ በ2017 የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ከከተማ ቆሻሻ ኮምፖስት የማምረት ፕሮጀክት ሲመጣ ግን የተመረጡት ባሕር ዳርን ጨምሮ ስድስት ትልልቅ ከተሞች ናቸው። ብስባሽ ከባድ ነው፤ ርቆ ሲጫን የመኪናው ኪራይ ዋጋውን ይበላዋል። ማሳ ደጃፏ ድረስ የመጣላት ትንሽ ከተማ ይህ ወጪ የለባትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የገበያው ቆሻሻ ከመጠረጉ በፊት የሚበሰብሰው ለብቻ ይነሳ። ማዘጋጃ ቤቱና ግብርናው በአንድ ዕቅድ ይጠየቁ። ሪፖርቱም የተቆፈረውን ጉድጓድ ትቶ፣ ብስባሹን የተጠቀመውን ገበሬና ያገኘውን ምርት ይቁጠር። ለዚህ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የእናንተ ውሳኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአርብ ገበያ ነዋሪ