ሽንኩርቱን ማን ከተፈው?

«በሳምንት ሦስት ቀን ልጇን ሽሮ የምታበላ እናት ዕቅድ የላትም እንጂ ጊዜ አላጣችም።» ይህን የተናገሩት ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የቀረቡ፣ «የእናቶች አሠልጣኝ» ተብለው የተዋወቁ ወይዘሮ ናቸው። አቅራቢዋ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ወይዘሮዋም ቀጠሉ፦ እሁድ ከሰዓት በኋላ 45 ደቂቃ ብቻ የምትመድብ እናት ከሰኞ እስከ ዓርብ ምድጃ አጠገብ መድረስ አይጠበቅባትም። አምስት ባለ ክዳን ዕቃ፣ በየክዳኑ ላይ የቀኑ ስም፣ በውስጡ ዶሮ በሩዝ፣ ካሮትና ብሮኮሊ። ከዚያ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተው አሳዩን።

አየን። ዶሮው ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ቀርቧል። ካሮቱ ተልጧል፣ ሩዙ ተለቅሟል። ሽንኩርቱ ደቅቆ በብርጭቆ ሳህን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ጋር ተወቅጦ በሌላ ሳህን ተሰልፏል። መሐል ላይ ዘይት አነሳቸውና ከግራ በኩል አንድ የሴት እጅ ጠርሙስ አቀብሎ ከምስሉ ወጣ። የእጁን ባለቤት ማንም አላስተዋወቀንም። ወይዘሮዋ የመጨረሻውን ክዳን ገጥመው ሰዓታቸውን አዩና «ይኸው! 45 ደቂቃ እንኳ አልሞላም» አሉ።

የማን 45 ደቂቃ?

ክርክሬ በዚህች ላይ ብቻ ነው። ስለ ብሮኮሊው ዋጋ ሌላ ቀን እንጣላለን። ሰሞኑን በየስልካችን የሚጎርፉት «በ15 ደቂቃ»፣ «በአንድ ድስት»፣ «እጅ ሳይቆሽሽ» የሚሉ ቪዲዮዎች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው፤ ሰዓቱ የሚነሣው ሽንኩርቱ ከተከተፈ በኋላ፣ የሚቆመው ዕቃው ከመታጠቡ በፊት ነው። ገበያ መውጣቱ፣ መልቀሙ፣ መላጡ፣ መክተፉ፣ መውቀጡ ሥራ አይባልም። የተያዘ ድስት መፈተጉም ሥራ አይባልም። ሥራ የሚባለው ካሜራ ፊት ቆሞ ማማሰል ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠርማ እኔም ዶሮ ወጥ በ10 ደቂቃ አደርሳለሁ፤ እናቴ ሌሊት ተነሥታ ካቁላላችልኝ።

እስቲ ሽንኩርቱን ብቻ እንያዝ። ለአንድ ደህና ድስት ወጥ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይላጣል፣ ይታጠባል፣ እንደ ጤፍ እስኪደቅ ይከተፋል። የሁለት ዓመት ልጅ ያላት ሴት ይህን የምታደርገው ቀሚሷ እየተጎተተ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ቢላዋው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል (ሽንኩርት በነካ እጁ የሕፃን ዓይን ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም)፤ ልጁ ይታቀፋል፤ ሲረጋጋ ቢላዋው ይወርዳል፤ ሁለት ራስ ሳይከተፍ ልቅሶው ይመለሳል። ከዚያ ቁሌቱ አለ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ እየታገዘ ይበስላል፤ ዘይቱ ይከተላል፤ በርበሬው ይገባል፤ እንዳያር እየተማሰለ ጥሬነቱ እስኪለቅ ይጠበቃል። አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ይሄዳል። ከድስቱ ዞር ማለት አይቻልም፤ ልጅ አዝሎ ከሚፈናጠር ዘይት አጠገብ መቆምም አይገባም። ብዙዎቻችን ግን አዝለን እንቆማለን። ይህ በወይዘሮዋ ሰንጠረዥ የትኛው ረድፍ ላይ ተጽፏል?

«እሳቸው የሠሩት ዶሮ በሩዝ እንጂ ወጥ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ዶሮውንስ ማን በለተው?

እሁድስ የማን ትርፍ ቀን ሆኖ ነው? እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ለቅሶ መድረስ አለ፤ የእድር ስብሰባ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሳምንቱ ልብስ የሚታጠበው ውሃው በመጣ ቀን ነው፤ ውሃው እሁድ ከመጣ እሁድ አለቀ። ለካሜራ ግን ሁልጊዜ እሁድ ነው፣ ቧንቧውም ሁልጊዜ ይወርዳል።

ከአምስቱ ዕቃዎች የመጨረሻው ደግሞ ሌላ ጉድ አለበት። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ በደህና የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው፤ ያውም ከበሰለ በ2 ሰዓት ውስጥ ገብቶ፣ ፍሪጁም ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ። የእሁዱ ዶሮ ዓርብ ሲከፈት አምስተኛ ቀኑ ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ በሩ ሳይከፈት ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ረቡዕ ረፋድ ላይ ጠፍቶ ማምሻውን ቢመጣ ለእናቲቱ ማን ይነግራታል? ቢሮ ናት። ሩዝ ላይ ደግሞ ሲቀቀል የማይሞት የባክቴሪያ ዘር አለ፤ ሩዙ ውጭ ከቆየ ይራባል፣ የሚተወውን መርዝ ደግሞ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ይህን «ዓርብ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ለሕፃን ማቆየት ዕቅድ ከተባለ፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ዕቅድ የለኝም።

አሁን ወደ ተሰደበው ሽሮ ልምጣ። አስቀድሞ የተሰናዳ ምግብ ፍለጋ ውጭ አገር ድረስ የሚያስኬድ ምን አለ? አተሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይከካል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይደባለቅበታል። ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ይፈጫል። በጋ ላይ ተሰናድቶ ዓመት ይዘልቃል፤ ፍሪጅ አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋ አይሰማውም። ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ በሶው፣ የተነጠረው ቅቤ ሁሉ እንዲሁ ነው። የአምስት ቀን ምግብ ላዘጋጁት ወይዘሮ ስቱዲዮው ያጨበጭባል፤ የዓመት ያሰናዳችው ሴት «ዕቅድ የላትም» ትባላለች! በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የሕፃናት ምግቡ ፋፋ ሲሠራም የተያዘው መንገድ ይኸው ነበር፤ እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ የወተት ዱቄቱ አስቀድሞ ይመጠናል፣ እናት ቤት ሲደርስ ውሃና እሳት ብቻ ይቀረዋል። ሥራው ግን አልተነነም። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ሠራው።

እዚህ ላይ እኔም አልዋሽም። የእኔ ሽሮ በ20 ደቂቃ የሚደርሰው ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም፤ አክስቴ በጋውን ፀሐይ ላይ ስታሰጣና ስታገላብጥ ስለከረመች ነው። ቀላል ምግብ የምንለው ሥራው ቀድሞ የተሠራልንን ነው። የሠራችልኝን ግን አውቃታለሁ፤ ከረጢቱ ሲደርሰኝ ደውዬ «ክፉ አይንካሽ» እላታለሁ። ወይዘሮዋ ጠርሙሱን ያቀበለቻቸውን ልጅ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

ያቺ እጅ በየቤታችን አለች። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ቢቀናት ማታ የምትማር ልጅ ናት። ከእመቤቷ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፣ በመሐል የሌላ ሰው «ዕቅድ» ትሆናለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ግን ከሽፋኑ ውጭ ስላደረገው እሷን አይመለከታትም። ሰዓቷን ሕጉ አልቆጠረውም፤ ቴሌቪዥኑ ለምን ይቆጥረዋል?

ሠራተኛ የሌላትስ? ያው አዋጅ ለወላድ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ 30 ከመውለዷ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ። ሕፃን ከጡት ሌላ ምግብ የሚጀምረው ደግሞ 6 ወር ሲሞላው ነው። ልጁ አፉን ለማንኪያ ሲከፍት እናቱ ቢሮ ከተመለሰች ቆይታለች ማለት ነው። ገንፎው የሚገነፋው ከታክሲ ሰልፍ በፊት ወይም በኋላ ነው። በጾሙ ወራት ደግሞ ድስቱ ሁለት ይሆናል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾምም 55 ቀን፣ አንዱ ለጿሚው፣ አንዱ ሰባት ዓመት ላልሞላው ልጅ። የምትጾም እናት የልጇን እንቁላል ወይም ሥጋ ስትሠራ ጨው እንኳ አትቀምስም፤ በግምት ትጨምራለች፣ ልጁ ፊቱን ሲያጨማድድ ታውቀዋለች። ወይዘሮዋ «ረቡዕ» የሚል ክዳን በዶሮው ላይ ሲገጥሙ የቀረው ቤተሰብ ምን እንደሚበላ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ዝግጅቱ ሊያልቅ ሲል ከምስሉ ግርጌ ስልክ ቁጥር ማለፍ ጀመረ። ባለ ክዳኖቹ ዕቃዎች ይሸጣሉ፤ አምስቱን አንድ ላይ ለምትገዛ ቅናሽ አለ። ዕቅዱ የማን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ልጅ ጠዋት ማታ ሽሮ ብቻ ይብላ አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ያሳያል፤ እንቁላሉ፣ ጎመኑ፣ አቮካዶው ከተገኘ ይጨመር፣ ማን ጠላ። በእኔ ቤት የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፤ ቁሌቱ በርበሬ ሳይገባበት ሁለት ጭልፋ ለልጁ ይቀነሳል፣ ምስር ክኩ ወይም ድንች በካሮቱ በዚያ ይሠራለታል፣ የቀረው የአዋቂው ወጥ ይሆናል። ስቲከር አያስፈልገውም። ቀላል ነው ስል ግን ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ቆጥሬ ነው። ይኸም ካልተመቸ ቀን ፍርፍር አለ፤ ፍርፍር በልቶ ያደገ ትውልድ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ እናቶችን ይገሥጻል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አቅራቢዋ ለስሙ ያህል «አባቶችስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ወይዘሮዋ ፈገግ ብለው «አባቶች በሞራል ይደግፉ» አሉ። እሺ፤ የሞራል ደጋፊው እሁድ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ኪሎ ሽንኩርት ይክተፍ። ልጁም እግሩ ሥር ይሁን። ሰዓቱን ደግሞ «ቢላዋው የት ነው?» ብሎ ከጠየቀበት ደቂቃ ጀምሮ ይቁጠርልን።