ስለ ኩክሪ፤ የመጀመሪያውን ለሚገዛ ሰው

ለሥራ ጉዳይ ወደ ካትማንዱ የሚሄድ አንድ የእኅቴ ልጅ በዚህ ሳምንት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ልጁ በዕረፍቱ ቀን ዱር መዋልን፥ ድንኳን መትከልንና እንጨት ፈልጦ እሳት ማንደድን የሚወድድ ነው። «ጋሼ፤ በኔፓል አገር በእጅ የሚቀጠቀጠውን ኩክሪ የሚባለውን ጠማማ ቢላዋ ልገዛ አስቤአለሁና የትኛውን ልምረጥ?» ይላል። ከደብዳቤውም ጋራ የሦስት ኩክሪ ፎቶግራፍ ልኮልኛል፤ ሦስቱም እንደ መስተዋት ያበራሉ፤ በጐናቸውም ላይ አበባና ዘንዶ ተቀርጾባቸዋል። እኔም ሦስቱንም ተዋቸው ብዬ መለስሁለት። ምክንያቱ ለሌላም ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ ቀጥሎ አስረዳለሁ።

የአውሮፓ ሰዎች ኩክሪን በሚገባ ያወቁት በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1814 እስከ 1816 ዓመት ድረስ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከኔፓል ጋራ በተዋጋ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጉርካ ወታደሮች መታወቂያ ሆኖ ስሙ በዓለም ተሰማ። ነገር ግን በኔፓል ገጠር ኩክሪ ከሁሉ አስቀድሞ የቤት ዕቃ ነው። እንጨት ይፈለጥበታል፥ ቍጥቋጦ ይመነጠርበታል፥ ሥጋ ይከተፍበታል፤ ዳሻይን በሚባለው ታላቅ በዓላቸውም ፍየሉ ይሠዋበታል። «አንድ ጊዜ ከአፎቱ ከወጣ ደም ሳያይ አይመለስም» እየተባለ የሚወራው ተረት ነው፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ሽንኵርት የምትከትፍ ባለቤት ሁሉ በየቀኑ ጣቷን መቍረጥ ባስፈለጋት ነበር።

የዚህ ቢላዋ ምሥጢር በጠማማነቱ ነው። ስለቱ ወደ ፊት የጐበጠ፥ ሆዱ የሰፋ ስለ ሆነ ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላል፤ ስለዚህ በጥቂት ጕልበት የፋስን ያህል ይቈርጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ረጅሙና ከባዱ የሚበልጥ መስሎት እርሱን ይገዛል። ለጀማሪ ስለቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ ክብደቱም ከ500 እስከ 600 ግራም የሚደርስ ይበቃዋል። ከባዱ ቶሎ አንጓን ያደክማል፤ የደከመ እጅም እንጨቱን ስቶ የገዛ ቅልጥሙን ይመታል።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ብዙዎቹ መልካም ኩክሪዎች የሚሠሩት ካረጀ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ይህን ሰምቶ መናቅ አይገባም፤ ባሌስትራ ጐብጦ የሚመለስ፥ ሸክም የለመደ ብረት ነውና። ቀጥቃጩ በፍሙ አግሎ በመዶሻ ቅርጹን ካወጣለት በኋላ እንደ ገና አግሎ በማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈስስበታል፤ ውሃውንም የሚያፈስሰው በስለቱ መሥመር ላይ ብቻ ነው። ጀርባው ቀስ ብሎ በራሱ ይቀዘቅዛል። በዚህ ዓይነት ስለቱ ጠንካራ፥ ጀርባው ለስላሳ ይሆናል፤ ስለቱ ቶሎ አይደንዝም፥ ጀርባውም የምቱን ኀይል ይቀበላልና ቢላዋው አይሰበርም። ሁለቱ ጠባይ ባንድ ብረት የሚገኘው በዚያ ማንቆርቆሪያና ብረቱ በደረሰበት የግለት ቀለም ላይ በተተከለው የሠራተኛው ዓይን ነው። ለመንገደኛ ማስታወሻ ተብለው ከሚሸጡት የሚያብረቀርቁ ቢላዎች ብዙዎቹ ግን ይህን ውሃ በሚገባ አልጠጡም፤ ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ እንጂ ሊሠራባቸው አልታሰቡምና። ለመለየት የፈለገ ሰው ባለ ሱቁን አስፈቅዶ ትንሽ ሞረድ በስለቱ ሆድ ላይ ቀስ ብሎ ያስነካው። ሞረዱ የሚንሸራተት ከሆነ ብረቱ ጠንክሯል፤ እንደ ጀርባው ሁሉ ስለቱንም የሚነክሰው ከሆነ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ።

ስለ ሠራተኛውም አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ኩክሪን የሚቀጠቅጡት ከጥንት ጀምሮ ካሚ የሚባሉት፥ ዛሬም ብዙዎቹ ቢሽዋካርማ በሚል ስም የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። በ1854 የወጣው የኔፓል ሕግ እነዚህን ሰዎች ከእጃቸው ውሃ ተቀብሎ መጠጣት ከማይፈቀድባቸው ወገኖች ጋራ ቈጥሯቸው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ባላባቱ በወገቡ የሚታጠቀው ቢላዋ ሕይወቱን ያገኘው ቀጥቃጩ በእጁ ካፈሰሰው ውሃ ሲሆን፥ ከዚያው እጅ አንድ ዋንጫ ውሃ መቀበል ግን ርኵሰት ተባለ። በ1963 የወጣው አዲስ ሕግ ይህን ልዩነት ከሕግ አነሣው፤ በ2011ም ሰውን በዘሩ የሚያገልል እንዲቀጣ ሌላ ሕግ ተጨመረ፤ ልማዱ ግን ከሕጉ ይልቅ በዝግታ ይሄዳል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓመተ ምሕረት አዋጅ ያስነገሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ ለእኅቴ ልጅ፥ ቢቻልህ ከመንገደኛ ሱቅ ይልቅ ከራሱ ከቀጥቃጩ ግዛ፤ ስሙንም ጠይቅ፤ በመጨረሻዋ ሳንቲም ላይ አትከራከረው አልሁት። ቦጅፑር በሚባለው በምሥራቁ ተራራማ አገር የሚሠራው ኩክሪ በአገሩ ሰው ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ ካትማንዱ ውስጥም የሚያስመጡት አሉ።

እጀታው ከጎሽ ቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠራል። ቀንዱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በደረቅ አየር ይኰማተራል፥ ይሰነጠቃልም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው እንጨቱን ይምረጥ። የብረቱ ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ በስተ ኋላ ተቀጥቅጦ የታሰረ መሆኑን ይመልከት፤ በሙጫ ብቻ የተያዘው አንድ ቀን ሲወነጨፍ ስለቱ ከእጀታው ተለይቶ ይሄዳልና። እጀታው ለሰፊ መዳፍ አጭር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነም ጨብጦ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን አፎቱ ነው። አፎቱ ሁለት ቀጭን እንጨት ገጥሞ በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ ስለቱ በሚያርፍበት በኩል እንጨቱ ቢከፈት ቆዳው ስለቱን አያግደውም። አንድ የማውቀው ሰው አፎቱን በግራ እጁ እንደ ዱላ ጨብጦ በችኰላ ቢመዝዘው ስለቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጣና ሁለት ጣቶቹን ቈረጠው፤ ጣቶቹ ተሰፍተው ቢድኑም እስከ ዛሬ አይታጠፉለትም። ስለዚህ አፎቱ የሚያዘው በጀርባው በኩል ነው፤ ጣት ወደ ስለቱ ወገን አይዞርም፤ ቢላዋውም ጀርባውን በአፎቱ ጀርባ ላይ አስደግፎ ቀስ ተብሎ ይመዘዛል፥ እንዲሁም ይመለሳል። ልጁ አንዲት ጭራሮ እንኳ ሳይቈርጥ ይህን ሃምሳ ጊዜ እንዲለማመድ አዝዤዋለሁ።

ከእጀታው አጠገብ በስለቱ ላይ የምትታየውን ትንሽ ጐድጓዳ አንዳንዱ የላም ሰኰና ምሳሌ ናት ይላል፤ አንዳንዱም ደም ወደ እጀታው እንዳይወርድ ነው ይላል፤ ለገዢው ግን ምንም አትጨምርለትም። ካፎቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቢላዎች ይጠቅማሉ፤ ካርዳ የሚባለው ለቀላል ሥራ፥ ቻክማክ የሚባለው ስለት የሌለው ደግሞ የኩክሪውን ስለት ለማቃናትና ከባልጩት ጋራ እሳት ለመጫር ነው።

ቢላዋው በአይሮፕላን ሲመጣ ከመንገደኛው ጋራ አይገባም፤ ከዕቃው ጋራ ይጫናል። ቤት ከደረሰ በኋላ ብረቱ የሚዝግ ዓይነት ስለ ሆነ ከሥራ በኋላ ተወልውሎ ዘይት ይቀባ፤ ርጥበት ባለበት ወራትም ቆዳው ውሃ ይይዛልና ካፎቱ ወጥቶ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። መጀመሪያም ለስላሳ እንጨት ይሞከርበት። ስለቱ ከታጠፈ ብረቱ ለስልሷል፤ ከተሸረፈ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ ጥቂት ብቻ ከሆነ በመሳያ ድንጋይ ይቃናል።

የእኅቴ ልጅ ትናንት መልሶ ጽፎልኛል። ጌጥ የሌለው፥ እጀታው እንጨት የሆነ፥ የመዶሻው ምልክት በጀርባው ላይ የሚታይ አንድ ኩክሪ ማግኘቱንና ሞረዱም መንሸራተቱን ነግሮኛል፤ የቀጥቃጩንም ስም ከደብዳቤው ግርጌ ጽፎልኛል።