የነሐሴ 1959 ዓ.ም. የካርቱም ጉባኤና የተረሳው ዕርቅ

የነሐሴ ወር 1959 ዓ.ም. በዓለም ላይ ብዙ ነገር የተፈጸመበት ወር ነበር፤ በሁለተኛው ቀን አምስት የደቡብ ምሥራቅ እስያ መንግሥታት በባንኮክ ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በማግስቱ የቢያፍራ ጦር የኒጀርን ወንዝ ተሻግሮ ቤኒን ከተማን ያዘ፤ በወሩ ማለቂያ ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቱርጉድ ማርሻል የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲሆን ሹመቱን አጸደቀ። ለእኛ ለሱዳን ጎረቤቶች ግን ከሁሉ አብልጦ ሊታሰብ የሚገባው፣ ከነሐሴ 23 እስከ 26 ቀን ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት በካርቱም የተደረገው የዓረብ መሪዎች ጉባኤ ነው።

ያ ጉባኤ በታሪክ መጻሕፍት የሚወሳው ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፣ ዕውቅና የለም፣ ድርድር የለም በሚሉት ሦስት እምቢታዎች ነው። እኔ እንደማምነው ግን በዚህ ብቻ ማውሳት ለከተማይቱም ለአስተናጋጆቿም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በእነዚያው ቀናት በዚያችው ከተማ ታላቅ ዕርቅ ተፈጽሟልና።

የግብጹ መሪ ገማል አብደል ናስር ከሦስት ወር በፊት በስድስት ቀን ጦርነት ድል ተነሥቶ፣ የሲና ምድረ በዳ ተወስዶበት፣ የስዊዝ ቦይ ተዘግቶበት፣ ልቡ ተሰብሮ ነበር ወደ ካርቱም የመጣው። ሕዝቡ ግን መንገዱን ሞልቶ፣ ለድል አድራጊ እንኳ በማይደረግ እልልታ ተቀበለው። በጉባኤው ከእርሱ ጋር የተገናኙት የሳዑዲ ዓረቢያው ንጉሥ ፈይሰል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየመን ጦርነት ባላንጣው ነበሩ፤ የግብጽ ሠራዊት ለሪፐብሊኩ ሲዋጋ፣ የሳዑዲ ገንዘብና መሣሪያ ለኢማሙ ወገን ይጎርፍ ነበር። ሁለቱን ያስታረቃቸው ባለቅኔውና የሕግ ሊቁ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ አህመድ ማህጁብ ሲሆኑ፣ የታረቁትም በእርሳቸው በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ነው። ከዚያ በኋላ የግብጽ ጦር በጥቂት ወራት ውስጥ ከየመን ወጣ። የየመናውያን የእርስ በርስ ውጊያ ለጥቂት ዓመታት ቢቀጥልም፣ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት በሌላ ሕዝብ ምድር ላይ ደም መፋሰሳቸው አከተመ። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌትና ሊቢያም ለግብጽና ለዮርዳኖስ በየዓመቱ 135 ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ቃል ገቡ። በውሳኔው ውስጥም የተወሰደው ምድር በፖለቲካና በዲፕሎማሲ ጥረት እንዲመለስ የሚል ቃል ስለ ነበረበት፣ ግብጽና ዮርዳኖስ በኅዳር 1960 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን 242ኛ ውሳኔ ለመቀበል አልተቸገሩም።

የስድስቱ ቀን ጦርነት መዘዝ ከእኛም የራቀ አልነበረም፤ የስዊዝ ቦይ ለስምንት ዓመት በመዘጋቱ ከአሰብና ከምፅዋ ወደ አውሮፓ የሚጓዝ መርከብ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ መዞር ግድ ሆኖበት ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ማህጁብ ለሌሎች ያወረዱትን ሰላም ለገዛ አገራቸው ደቡብ ለማውረድ አለመቻላቸው ነው፤ በዚያ አንያንያ የተባሉት የደቡብ ዓማፅያን ጦርነት ይነድ ነበርና፣ እርሳቸውም በግንቦት 1961 ዓ.ም. በጃፋር ኒሜሪ መፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን ወረዱ። ያን ጦርነት ለጊዜው ያበረደው የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስታራቂነት የተፈረመው ስምምነት ነው።

ዛሬ ካርቱም፣ ያስታረቀችው ከተማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሁለት የገዛ ልጆቿ ጄኔራሎች መካከል የተጫረው እሳት አቃጥሏታል። ሕዝቧም በመተማ በኩል ሳይቀር ተሰድዶ ወደ እኛ መጥቷል። በዘመነ ደርግ ስንቱን ኢትዮጵያዊ ስደተኛ አስጠግታ፣ በገበያዋና በቤቷ እንጀራ ያበላች ከተማ ናትና ይህን ውለታዋን ልንረሳ አይገባንም። ስለዚህ መንግሥታችንም፣ መቀመጫው በመዲናችን የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም፣ ሁለቱን ተፋላሚዎች በአንድ ጣራ ሥር ለማስቀመጥ ሳይታክቱ ይጣሩ፤ በመተማና በጎንደር የምትኖሩ ወገኖቼም፣ ከካርቱም የመጣውን እንግዳ እንደ ወንድም ተቀበሉት።