የስልካችንን ውሎ በሶላት ወቅቶች ላይ እናስተካክል



ውድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን! ባለፈው ረመዷን ቢጠና ላይ ለኢፍጣር ተሰብስበን ሳለ ያጋጠመንን ልንንገራችሁ። ቴምሩ ቀርቧል፣ ሾርባው ተቀድቷል። ድንገት የአንድ ወንድማችን ስልክ አዛን አለ። ሦስት አራት ልጆች «ቢስሚላህ» ብለው ቴምር አነሱ፤ አንዱማ ጎረሰ። ሙአዚናችን ግን ገና ውዱእ ላይ ነበር። ወደ ደጅ ወጥተን ብናይ ፀሐይ ጨርሳ አልገባችም። ስልኩን ተቀብለን አፑን ስንከፍተው የተሞላበት ከተማ «አዲስ አበባ» ይላል። የጎረሰው ልጅ ስለ ፆሙ ኢማማችንን ጠይቆ መልሱን ወሰደ። እኛም ማታ ቤት ገብተን የራሳችንን ስልክ ስናይ ያው አዲስ አበባ ሆኖ አገኘነው። ሌላውን ልንገስጽ የነበርን ሰዎች አፈርን።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሶዶ ከአዲስ አበባ በአንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ትገኛለች። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለመጓዝ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። በዚያ ላይ ሶዶ ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለችና ልዩነቱ እንደ ወሩ ይለያያል። በሰኔ የሁለቱ ከተሞች መግሪብ እኩል ሊባል ይችላል፤ በታኅሣሥ ግን የእኛ እስከ 8 ደቂቃ ይዘገያል። አሁን አሁን ረመዷን በሚውልበት በየካቲት አካባቢ ደግሞ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ የተራበና የተጠማ ሰው በ5 ደቂቃ ምክንያት ፆሙን ለጥርጣሬ ማጋለጥ የለበትም።

እንግዲህ የዛሬው ሐሳባችን ይህ ነው። ስልክ ብዙ ነገር በራሱ እንዲሠራልን ማዘዝ ይቻላል። ራሱን ዝም ያሰኛል፣ ይቀሰቅሳል፣ ያወርዳል፣ መልእክት ይልካል። ጥያቄው ትእዛዙን በምን ላይ እንመሥርተው ነው። የብዙዎቻችን ስልክ ውሎ የተሠራው በጥቅል ማብቂያ፣ በቲክቶክና በኳስ ሰዓት ነው፤ ሶላት በተረፈው ክፍተት ትገባለች። ይህ መገልበጥ አለበት። አምስቱ ወቅቶች ምሰሶ ይሁኑ፣ ሌላው በእነሱ ዙሪያ ይደርደር።

ከታላላቆቻችን «ድሮ ያለ ስልክ አይሰገድም ነበር ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እኛ የምንኖረው ሙስሊሙ ጥቂት በሆነበት ዞን ነው። ባጃጅ የሚነዳው፣ ሱቅ የሚውለው፣ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ያለው ወጣት አዛን የማይሰማበት ቦታ ይውላል። ለእሱ ስልኩ ጥሩ አስታዋሽ ነው፤ በትክክል ከተሞላ። ስለዚህ፦

1ኛ፦ ከተማውንና ስሌቱን አስተካክሉ። አፑ ላይ ሶዶን ወይም ያላችሁበትን ቦታ ሙሉ። ቀጥሎ የስሌት ዘዴውን ተመልከቱ። የሙስሊም ወርልድ ሊግ ዘዴ ፈጅርን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትሆን ይቆጥራል፤ የግብጹ 19.5፣ የሰሜን አሜሪካው 15 ዲግሪ ላይ። በመጀመሪያውና በግብጹ መካከል 6 ደቂቃ ገደማ፣ በግብጹና በአሜሪካው መካከል ወደ 20 ደቂቃ ልዩነት አለ። ስለዚህ ራሳችሁ አትምረጡ፤ መስጂዳችሁ በየትኛው እንደሚሄድ ጠይቃችሁ እሱን ሙሉ። የዐስርም እንዲሁ ነው።

2ኛ፦ በቋሚ ሰዓት ማንቂያ አትታለሉ። ብዙዎቻችን ለዙህር አንድ ሰዓት ሞልተን ዓመቱን ሙሉ እንተወዋለን። ሶዶ ላይ ፀሐይ ከአናት የምትዘነበለው በጥቅምት መጨረሻ 6 ሰዓት ከ13 ገደማ ሲሆን፣ በየካቲት መጀመሪያ ግን 6 ሰዓት ከ43 ገደማ ነው። የግማሽ ሰዓት ልዩነት! በጥቅምት የሞላው ማንቂያ በየካቲት ወቅቱ ሳይገባ ያሰግዳችኋል።

3ኛ፦ የሰዓት አቆጣጠሩን አትርሱ። ስልኩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት። ለሱሁር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል መነሳት የፈለገ ሰው ስልኩ ላይ መሙላት ያለበት የጧቱን 4:30 ነው። 10:30 ብሎ ከሞላ ስልኩ የሚጮኸው ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሱሁሩም ሱብሂውም አልፏል። ይህን ለማቃለል ብላችሁ የስልኩን የሰዓት ቀጠና አትቀይሩ፤ የሶላት አፑ ይዛባል።

4ኛ፦ መስጂድ ስትገቡ ስልኩ ራሱ ዝም ይበል። ሳምሰንግ ላይ «ሞድስ ኤንድ ሩቲንስ»፣ አይፎን ላይ «ሾርትከትስ» የሚባሉት መስጂድ ስትደርሱ ድምፁን እንዲያጠፉ፣ ስትወጡ እንዲመልሱ ማዘዝ ይቻላል። በቴክኖና በኢንፊኒክስ ያለ ወንድም ደግሞ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ለጁሙዓ ሰዓት በፕሮግራም ይሙላው። የእናትን ስልክ ብቻ እንዲያስገባ ማድረግም ይቻላል። በሱጁድ መካከል ዘፈን ሲጮህ የሚረበሸው የባለቤቱ ኹሹዕ ብቻ አይደለም፣ የሙሉ ጀመዓው ነው።

5ኛ፦ ሌሊቱን ለስልኩ ተዉለት፣ እናንተ ተኙ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ እስከ 8 እና 9 ሰዓት የሚያመሽ ወጣት ብዙ ነው፤ ከዚያ ሱብሂ ያመልጠዋል። ቴሌግራም ፋይሎችን በራሱ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል፤ የአውራጅ አፕም በሰዓት ይሞላል። ደርሱንና ቁርኣኑን ስልኩ ያውርድ፣ እናንተ ሱብሂን ከጀመዓ ጋር ስገዱ። ቀስቃሹን ግን በስልኩ የራሱ ሰዓት ላይ ሙሉት፤ ባትሪ ቆጣቢው የሌሎችን አፖች ሌሊት ሊዘጋቸው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ እንምጣ፤ ስልክ የማይረከበን ነገር አለ። እኛ አንድ ጊዜ በቀን 12 የዚክር ማስታወሻ ሞልተን ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ደስ ይል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስልኩ «ሱብሃነላህ» ሲል ጣታችን ገፋ ያደርገዋል፣ ምላሳችን ግን ዝም ይላል። አላህን እንድናስታውስ የሞላነው ነገር የአላህን ስም በጣት ገፍቶ ማለፍን አስተማረን። አሥሩን አጠፋን፣ ሁለቱን አስቀረን፤ ያኔ ዚክሩ ተመለሰ። ማስታወሻ ሲበዛ ገፍላ ይሆናል።

እንዲሁም ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ ይልካል። ለሥራ ጥሩ ነው። ለእናት ግን በየጁሙዓው በራሱ የሚሄድ «ጁሙዓ ሙባረክ» ማዘዝ ምን ይሉታል? እናት የምትፈልገው ጽሑፉን አይደለም፣ ልጇ ያን ሰዓት እንዳሰባት ማወቅን ነው። ስልኩ «ደውል» ብሎ ያስታውሳችሁ፤ መደወሉን ግን እናንተ ደውሉ። የታመመን መዘየር፣ ሶደቃ ለማን እንደሚገባ ማየት፣ ኒያ ማስተካከል፣ እነዚህ ለማንም አይወከሉም።

መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። ያን ቀን ወቅቱን በልቡ የያዘ ሰው ይሰግዳል፣ ስልኩ ላይ ብቻ የጣለው ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ትታችሁ ሰማዩን እዩ፣ ጥላችሁን ለኩ፣ የሙአዚኑን ድምፅ ጠብቁ።

ዛሬውኑ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ የሶላት አፓችሁን ክፈቱና የከተማውን ስም እዩ። «አዲስ አበባ» የሚል ካገኛችሁ አስተካክሉት፤ አጠገባችሁ ላለው ወንድምም አሳዩት።

አላህ ወቅቶቻችንን በበረካ ይሙላልን። ወላሁ አዕለም።