የ23 ሰከንዱ ልጅና ታላቅ ወንድሙ

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ፍልሰታ፣ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የ15 ዓመቱ ልጄ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «እማ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ» አለኝ። ይህ ልጅ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ካለ ወይ ገንዘብ ይፈልጋል ወይ የሆነ ነገር ሰብሯል። ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ያሳየኝ የቦክስ ግጥሚያ ነበር፤ በዋዜማው፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሪያድ ላይ የተደረገ። አንደኛው ተጋጣሚ ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ብዙ ያየ መሆኑ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ነው። ሌላው ልጅ ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘው «የማን ልጅ ነህ?» የምለው ዓይነት። ደወሉ ተደወለ። ልጁ አልቸኮለም፣ አልጮኸም። ጠና ያለው ሰው ወደቀ፤ ተነሣ፤ እግሩ ግን አልታዘዝ አለው። ዳኛው እጁን አወናጭፎ አስቆመው። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው አለቀ። ለካ ልጄ እውነቱን ነበር።

«ጎበዝ ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? እሱም ይህንኑ ሲጠብቅ ነበርና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሰፈራችን ካለው የወጣቶች ማዕከል የመጣ ቅጽ ነው፤ የቦክስ ሥልጠና መመዝገቢያ፣ ከታች የወላጅ ፊርማ። አባቱ ፈርሞ ጨርሷል። ለእኔ ባዶ መስመር ቀርቷል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ጊዜ ገዛሁ። «መጀመሪያ ይህ ልጅ ማን እንደሆነ ልወቅ» አልኩት። እንዲህ ሆኖ ነው በሕይወቴ አንድ ግጥሚያ እንኳ እስከ መጨረሻው አይቼ የማላውቀው ሴት ስለ ከባድ ሚዛን ቦክስ ማንበብ የጀመርኩት።

ልጁ ሞሰስ ኢታውማ ይባላል። የመዝገብ ስሙ ኤንሪኮ ነው፤ ሞሰስ ያው የእኛው ሙሴ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2004 ስሎቫኪያ ውስጥ ኬዥማሮክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው ታኅሣሥ 19 ሆኖ አገኘሁት፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት። ለቦክሱ ምንም ፋይዳ የለውም፤ እናቴ ብትሰማ ግን ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ስሎቫኪያዊት ናቸው። በልጆቹ የቆዳ ቀለም ምክንያት ኑሮው ስላልተመቻቸው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ እንግሊዝ ገባና ኬንት ውስጥ ቻታም ከተማ ተቀመጠ። ሞሰስ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ከስደት አገር ሆናችሁ ይህን አምድ የምታነቡ ወላጆች፣ ልጅ ይዞ አገር መቀየር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ቦክስን መጀመሪያ የጀመረው እሱ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ካሮል ነው። ታናሹ ተከተለው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሞሰስ ግራኝ ነው፤ ለተጋጣሚ ይህ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው፤ ምቱ ከለመዱት አቅጣጫ አይመጣማ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓንም የዓለምንም የወጣቶች ሻምፒዮና ወርቅ ወሰደ፤ የዓለሙን ስፔን ላይ። ብዙ ሰው ኦሊምፒክን ይጠብቃል ሲል እሱ 18 ዓመት በሞላው ማግሥት ፕሮፌሽናል ሆነ። የመጀመሪያ ግጥሚያው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2023 ለንደን ዌምብሌይ አሬና ውስጥ ነበር። በ23 ሰከንድ ጨረሰው። የቡና ስኒ ለማጠብ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው።

የስፖርት ጋዜጦች በብዛት የሚጽፉት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን የዚያኑ ምሽት፣ በዚያው ሪንግ ላይ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ካሮልም በዚያ ምሽት ተጋጣሚ ነበረው። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ኤዝኪየል ማዴርና የሚባል፣ ብዙ የተዋጋ አርጀንቲናዊ ገጠመውና በአምስተኛው ዙር በዝረራ ጣለው።

አስቡት እስቲ። አንድ ቤት፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ምሽት። አንዱ በ23 ሰከንድ የሰውን አፍ አስከፈተ፤ መንገዱን ያሳየው ታላቁ መሬት ላይ ተዘረረ። የዚያን ሌሊት እራት ላይ ምን ተባለ? ለየትኛው ልጅ ነው «እንኳን ደስ ያለህ» የሚባለው፣ በምን ድምፅ? እኔ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ አንዱ የ15፣ ሌላው የ9። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ቅጹን ማየት አልፈለግኩም።

አሁን ደግሞ ቦክሰኛ እንዴት «ተስፋ የተጣለበት» እንደሚባል ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔ በተፈጥሮ ችሎታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይሠራል እንጂ! አጫዋቹ፣ ማለትም ፕሮሞተሩ፣ ለወጣቱ ተጋጣሚ ይመርጥለታል። መጀመሪያ በአራት ዙር ግጥሚያ፣ ቀጥሎ በስድስት፣ በስምንት፣ በአሥር፣ እያለ እስከ አሥራ ሁለት። ተጋጣሚው በጣም ደካማ ከሆነ ልጁ ምንም አይማርም፤ በጣም ብርቱ ከሆነ ደግሞ ተስፋው በአንድ ምሽት ይቀራል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ስም ያለው ግን ዕድሜው የሄደ ሰው ነው። የኢታውማን ዝርዝር ብታዩ ይህንኑ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ማሪዩሽ ቫህን ገጠመ። ይህ ፖላንዳዊ በ2012 ከቭላድሚር ክሊችኮ ጋር 12 ዙር ሙሉ ተደባድቦ ያልወደቀ ሰው ነው፤ ከኢታውማ ጋር ሲገናኝ ግን 44 ዓመቱ ነበር። የ19 ዓመቱ ልጅ በሁለተኛው ዙር ገላገለው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሪያድ ላይ አውስትራሊያዊው ዴምሲ ማኪን አንድ ዙር እንኳ አልጨረሰም። ልጄ ስልክ ላይ ያሳየኝ ሰውዬ ደግሞ ዲሊያን ዋይት ነው፤ 37 ዓመቱ። በ2022 ለዓለም ሻምፒዮንነት ከታይሰን ፊውሪ ጋር ዌምብሌይ ስታዲየም ተጋጥሞ ነበር።

ይህን ስል የልጁን ሥራ ማሳነሴ አይደለም። እስከ ዋይቱ ግጥሚያ ድረስ ከ13 ግጥሚያ 13 አሸንፎ፣ 11ዱን ተጋጣሚው ዙሩን ሳይጨርስ መጨረስ ቀላል አይደለም። ግን ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚያዩት የአሸናፊውን ጥግ ብቻ ነው። በሌላው ጥግ ያለው ሰውም አንድ ጊዜ 20 ዓመቱ ነበር፤ እሱም ተስፋ የተጣለበት ነበር። ለልጄ ይህን ስነግረው «እማ፣ ደግሞ አሳዘነሽ?» አለኝ። አዎ፣ አሳዘነኝ።

በዚህ ሁሉ መሐል ደግሞ አንድ ቆጠራ ነበር። ማይክ ታይሰን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1986 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው 20 ዓመት ከ145 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ በከባድ ሚዛን ማንም ይህን ዕድሜ አልቀደመም። ኢታውማ ገና በ18 ዓመቱ ይህን ሪከርድ እሰብራለሁ ብሎ ተነሣ፤ ጋዜጠኛውም ቀን መቁጠር ጀመረ። ቀኑ ሜይ 22 ቀን 2025 አለፈ፤ የዓለም ሻምፒዮንነት ግጥሚያ አልመጣለትም። ከሁለት ቀን በኋላ ግላስጎው ላይ ማይክ ባሎጉን የሚባለውን አሜሪካዊ በሁለተኛው ዙር አሸንፎ ወደ ቤቱ ገባ።

እኔ በበኩሌ እሰይ ብያለሁ። ለምን ብትሉኝ የታይሰንን ታሪክም አንብቤ ስለነበር ነው። ብሩክሊን ውስጥ ያደገ፣ ልጅ እያለ ማረሚያ ቤት የገባ ልጅ ነበር። ከስ ዳማቶ የሚባሉ ሽማግሌ አሠልጣኝ ካትስኪል ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱት፤ እናቱ ሲሞቱ ሕጋዊ አሳዳጊው ሆኑ። ሻምፒዮን አደርገዋለሁ ብለው ነበር። ልጁ ቀበቶውን ከመታጠቁ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1985፣ አረፉ። ዓለም በሙሉ እጁ ላይ ሲወድቅ «ተው» የሚለው አባት አልነበረውም። በ23 ዓመቱ ቶኪዮ ላይ ማንም ባልጠበቀው በበስተር ዳግላስ ተዘረረ፤ ከዚያ ሴት በመድፈር ወንጀል ተፈርዶበት እስር ቤት፤ በ2003 ደግሞ ያ ሁሉ ሚሊዮን ዶላር አልቆ ኪሣራ አወጀ። ፈጥኖ መድረስ ምን ያመጣል ለሚለኝ ሰው የምነግረው ይህንን ነው።

ደግሞም ከባድ ሚዛን የሚያስቸኩል ነገር የለውም። በፕሮፌሽናል ቦክስ ከ90.7 ኪሎ በላይ የሆነ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ጣሪያ የለውም። እንዲህ ያለ ሰውነት ዘግይቶ ይበስላል ይላሉ የሚያውቁት። ኦሌክሳንደር ኡሲክ አንቶኒ ጆሹዋን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶዎችን ሲወስድ 34 ዓመቱ ነበር። ጆርጅ ፎርማን በ1994 ቀበቶውን መልሶ ሲያገኝ 45! ዳንኤል ዱብዋን ደግሞ እዩት፤ በ2020 የዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ተሰብሮ ተንበርክኮ ሲሸነፍ «ፈሪ» ብለው አላገጡበት፤ በ2024 ዌምብሌይ ላይ ጆሹዋን በአምስተኛው ዙር የዘረረው እሱ ነው። የተሰበረ አጥንት ይዞ ለመንበርከክ የሚያስፈልገውን ልብ ያላገጡት አያውቁትም።

አጥንት ካነሣሁ፣ የምፈራውን ልናገር። አጥንት ይጠገናል። ጭንቅላት ግን? ሐሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቡጢኞች ላይ የሚታየውን የአንደበት መተሳሰርና የእግር መንገዳገድ የጻፈው በ1928 ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ማለት ይቻላል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1983 ቦክስ ይታገድ ብሎ ጠይቋል። ጉዳቱ የሚመጣው በአንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ ማንም በማያየው ልምምድ ላይ በየቀኑ በሚጠራቀሙት ትንንሽ ምቶች ነው። ባለቤቴ «ኳስስ ቢሆን በቴስታ ይመታ የለ?» አለ። ጭንቅላት መምታት ነጥብ የሚያስገኝበትን ጨዋታ ከኳስ ጋር ማወዳደሩን ግን አልተቀበልኩትም።

በመጨረሻ ማዕከሉ ድረስ ራሴ ሄድኩ። ከሥራ ወጥቼ፣ ያለ ቀጠሮ። አዳራሹ ላብና አሮጌ ቆዳ ይሸታል፤ የተንጠለጠለው ጆንያ በፕላስተር ተጠግኗል። አሠልጣኙ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት። ሳልጨርስ መለሱልኝ፤ ስድስት ወር ገመድ መዝለል፣ የእግር አረማመድ፣ ጆንያ ብቻ፤ ሰው ፊት ለፊት አይቆምም። ከዚያ በኋላም ጭንቅላቱ ላይ የተመታ ልጅ ሐኪም ሳያየው አይመለስም። የትምህርት ቤት ካርድ ካላመጣ በሩን አያልፍም።

«ሌላስ እናት መጥታ ታውቃለች?» አልኳቸው።

«አባቶች ይመጣሉ፤ ግጥሚያ ሲኖር» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ፈረምኩ። ከፊርማዬ በታች ግን በራሴ እጅ ጽሑፍ «ለልምምድ ብቻ፤ ለግጥሚያ እንደገና እጠየቃለሁ» ብዬ ጨመርኩበት። ልጄ አንብቦ ዓይኑን አንከባለለ፤ አባቱ ሳቀ። ይሳቁ።

ይኸው ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ጥሎ ይወጣል። ባለፈው ሐሙስ ከመስኮት ሳየው ብቻውን አልነበረም። የ9 ዓመቱ ታናሹ የወንድሙን ጫማ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከኋላ ከኋላው እየሮጠ ነበር።